ጋሽ ቱቦን ስለ ማጣታችንና መድኃኒታቸውን ስላቋረጡ አባሎቻችን

ከልብ ደም ሥር ታካሚዎች መረዳጃ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ለማኅበሩ አባላት፣ ለቤተሰቦቻቸው፣ ለሆስፒታሉ የልብ ክፍል ሠራተኞችና ለወዳጆቻችን ሁሉ

የማኅበራችን መሥራችና ሊቀመንበር፣ ዕድሜ ልካቸውን በቧንቧ ሥራ የኖሩት፣ ሁላችንም «ጋሽ ቱቦ» እያልን የምንጠራቸው ታላቅ ወንድማችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የሥራ ቦርሳቸውን አንግበው ከቤት ሲወጡ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ማረፋቸውን የምናስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጽሟል። ሐዘናችን ከባድ ብቻ አይደለም፤ ውስጣችንን የረበሸ ነገርም አለበት። ምክንያቱን ወደ ታች ስለምንገልጽ አባላት እስከ መጨረሻው እንድታነቡት፣ ዓይናችሁ የደከመም እንድታስነብቡት አጥብቀን እንለምናለን።

ጋሽ ቱቦ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በውሃ መስመር ዝርጋታና ጥገና ሲያገለግሉ ኖረዋል። በከተማችን እጃቸው ያልገባበት ማድ ቤትና መታጠቢያ ቤት ጥቂት ነው። ለእንግድነት በሄዱበት ቤት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ሳያጠብቁት ተመልሰው አያውቁም። በኮሚቴ ስብሰባ መካከል እንኳ ከግድግዳው ጀርባ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ከሰሙ አጀንዳውን ለምክትላቸው ትተው መፍቻ ይዘው ይነሡ ነበር፤ ምክትላቸውም በዚህ እስከ ዛሬ እንደ ተበሳጩ ናቸው።

ማኅበሩ ከመመሥረቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ የውሃ ማሞቂያ ተሸክመው ፎቅ ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። በምርመራም ልባቸውን ከሚመግቡት ደም ሥሮች አንዱ ሊዘጋ ጥቂት እንደ ቀረው ታወቀ። በዚያ ወቅት ሆስፒታሉ ከተለመደው የብረት ስቴንት ሌላ አዲስ ዓይነት ማስገባት ጀምሮ ነበር። የብረቱ፣ የተዘጋውን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የወንፊት ቱቦ ሲሆን ዕድሜ ልክ እዚያው ይቀመጣል። አዲሱ ደግሞ ደም ሥሩ እስኪጠና ደግፎ ይዞ፣ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሟምቶ የሚጠፋ ነው። የልብ ሐኪማቸው ሁለቱንም አስረድተው ምርጫ ቢሰጧቸው፣ «ብረት ሲዝግ እያየሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የሚሟሟውን አድርጉልኝ» ብለው መረጡ።

በማኅበሩ የመጀመሪያ ዓመት፣ በክትትል ቀን ወንበር አልቆብን የልብ ክፍሉን ኮሪደር ግድግዳ ተደግፈን የምንቆመውን ሁሉ ሰብስበው ማኅበር አደረጉን። ቢሮም አልነበረንም። ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጀርባ ያለችውን ክፍል ያገኘነው፣ ጋሽ ቱቦ ማጠቢያውን ከጥግ እስከ ጥግ በነጻ ጠግነውለት ነው። ክፍሏ እስከ ዛሬ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች።

ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ትልቁን ሥራቸውን ሠሩ። ልባችሁ ውስጥ ነገር እናስገባለን ሲባሉ ደንግጠው፣ አንፈርምም ብለው ጫማቸውን የሚፈልጉ ሕመምተኞች ብዙ ናቸው። ጋሽ ቱቦ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጡና ከቦርሳቸው በዝገትና በደለል የተደፈነ የአሮጌ ቧንቧ ቁራጭ ያወጣሉ። ወደ መስኮቱ አዙረው በቀዳዳው እንዲያዩ ያደርጓቸዋል። «በሉ እንግዲህ፣ ይሄ የእርስዎ ነው። አይደንግጡ፤ የእኔም እንዲሁ ነበር» ይሏቸዋል። የጋሽ ቱቦም ሐኪም የሆኑት የልብ ሐኪሟ በአንድ ወቅት፣ «እኔ ተናግሬ ተናግሬ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ዝገት አሳይተው ያስፈርሙልኛል» ሲሉ ሰምተናል። በጋሽ ቱቦ ምክንያት ዛሬ በሕይወት ያለን ብዙዎች ነን፤ ይህን የምንለው ለሙገሳ አይደለም።

የሚሟሟውን ስቴንትም በሙያቸው ቋንቋ ያስረዱን ነበር። «ግድግዳ ውስጥ የቀበርከውን ቧንቧ ሲሚንቶው እስኪደርቅ በእንጨት ትደግፈዋለህ። ሲደርቅ እንጨቱን ታነሣለህ። ከዚያ ወዲያ ስለ እንጨቱ ማን ይጠይቅሃል?» ይሉ ነበር። የሚያምር አነጋገር ነው። ለፈራ ሰው እፎይታ ነበር፤ ከመካከላችን ቃል በቃል ያልያዘው የለም።

ባለፈው ዓመት ከሆስፒታሉ ማስታወቂያ ደረሰን። የሚሟሟው ስቴንት እየፈረሰ ባለበት ጊዜ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከብረቱ ይበልጥ ደም እንዲረጋ እንደሚያደርግ በጥናት ስለታወቀ፣ ሆስፒታሉ ማስገባቱን አቁሟል። አስቀድሞ የገባውን ግን ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ሐኪም አቁሙ እስኪል ድረስ የደም ማቅጠኛውን መድኃኒት አንድም ቀን ሳናጓድል እንድንወስድ ተነገረን። ማስታወቂያውን ለአባላት ያነበቡት ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይሄ እንግዲህ ገና ላልደረቀላቸው ነው» አሉ። ቤቱ በሳቅ አውካካ።

አሁን ወደሚከብደን ነገር እንገባለን።

ባለቤታቸው፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ልብስ ሰፊ፣ በየጠዋቱ መድኃኒቱንና አንድ ብርጭቆ ውሃ በእጃቸው ያቀርቡላቸው ነበር። ጋሽ ቱቦ ይቀበላሉ፤ ውሃውን ጭልጥ አድርገው፣ «ተባረኪ» ብለው ይወጣሉ። ከቀብሩ ሲመለሱ እትዬ የሥራ ቦርሳቸውን ከፍተው ዕቃውን ሲያዩ፣ ትንንሽ የቧንቧ ጎማዎች የሚቀመጡባት ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ክኒኖቹን አገኙ። ጉንጫቸው ሥር እየያዙ፣ ከበር ሲወጡ እየተፉ እዚያ ያጠራቅሙ ኖሯል። መጣል አልሆነላቸውም፤ ጋሽ ቱቦ በሕይወታቸው ዕቃ ጥለው አያውቁም።

ለምን አቋረጡ? መድኃኒቱ ደም ስለሚያቀጥን ትንሽ ጭረት እንኳ ቶሎ አይደርቅም። የቧንቧ ሠራተኛ እጅ ደግሞ ሳይጫር የዋለበት ቀን የለም። ጡረታ ለወጡት የታክሲ ሹፌር የኮሚቴ አባላችን፣ «የሰው ነጭ ወለል ላይ እየደማሁ ስንት ጊዜ ይቅርታ ልበል? ደግሞስ የእኔ ደርቋል» ብለዋቸው ነበር። ሐኪሟ እንደሚሉት ግን ስቴንቱ ከገባ ካለፈው ጊዜ አንጻር ገና ሙሉ በሙሉ ሊሟሟ አይችልም ነበር። «መድኃኒቱን እየወሰዱም ሊደርስባቸው ይችል ነበር፤ እርግጠኛ ሆኜ ልነግራችሁ አልችልም። ማቋረጣቸው ግን አደጋውን በጣም አቀረበው» ብለውናል። ይህች «እርግጠኛ አይደለሁም» እንቅልፍ ነሥታናለች፤ የሚሟሟው ስቴንት በደረታችን ያለ ሁላችን ሌሊቱን ስናገላብጣት እናድራለን።

ኮሚቴው ይህን መግለጫ ለማውጣት ሲቀመጥ ተከራክሯል። ምክትል ሊቀመንበሩ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ተብሎ ይታለፍ አሉ። «እንዲህ ያለ ሰው ገና አፈሩ ሳይደርቅ ገመናውን ማውጣት ነውር አይሆንም ወይ?» አሉ፤ ብዙዎቻችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በዚህ መካከል እትዬ ማንም ሳይጠራቸው ገቡ። ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ክዳኗን ከፈቱ። «እናንተ የእሱን ስም ትጠብቃላችሁ፤ እኔ የምጠብቀው የቀራችሁትን ነው። እንዳለ ጻፉት» አሉ።

የታክሲ ሹፌሩ ከበሩ አጠገብ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «እኔም ትቼዋለሁ፤ እሳቸው ከተዉ ብዬ» አሉ። እትዬ ሄደው ፊታቸው ቆሙ። ይመቷቸዋል ብለን ሠጋን፤ እሳቸው ግን የሹፌሩን የኮት እጅጌ ያዙና፣ «ተነሥ፣ ሐኪሟ ሳትወጣ» ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። ምክትል ሊቀመንበሩ ያረቀቁትን ወረቀት ቀደዱት።

ስለዚህ እንዳለ ጽፈነዋል። ጋሽ ቱቦን አናማም። እጃቸው እየደማ የሰው ቤት ሲጠግኑ የኖሩ፣ ለእኛም ዕድሜ የቀጠሉ ሰው ናቸው፤ ብናገኛቸው ግን በቁጣ እንጮህባቸው ነበር፤ ምነው ጋሼ፣ ምነው ለእኛ አልነገሩንም! ከእናንተ መካከል እሳቸውን አይታችሁ መድኃኒቱን የተዋችሁ ስንት እንደ ሆናችሁ አናውቅም። ደረት አለመጨምደዱን አትመኑ፤ የእሳቸውም ሰኞ ማታ ምንም አላላቸውም ነበር። የልብ ክፍሉ ያቋረጠን አባል ሁሉ ያለ ቀጠሮ እንደሚቀበልና ማንንም እንደማይቆጣ ቃል ገብቶልናል። ደም መፍሰሱ፣ መበለዙ ያስቸገራችሁም ለሐኪም ተናገሩ፤ መላ አለው። ብቻ በጉንጫችሁ አትደብቁት።

ለእትዬ፣ ለልጆቻቸው፣ አብረዋቸው ቧንቧ ለዘረጉ የሙያ ባልደረቦቻቸው፣ ስቴንቱን በገዛ እጃቸው ላስገቡላቸውና ከማክሰኞ ወዲህ ፊታቸው ለጠቆረው ሐኪማቸው፣ እንዲሁም በዚያች በተደፈነች የቧንቧ ቁራጭ ፍርሃታቸው ለተነሣላቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ቁራጯ በቢሯችን መስኮት ላይ ትቀመጣለች። አዲስ ለሚመጡ ሕመምተኞች ማሳየታችንን እንቀጥላለን፤ ስለ እንጨቱ የሚነገረውን ግን ከእንግዲህ አንናገርም።

ለቅሶ ልትደርሱ የምታስቡ አባላት፣ እትዬ አበባ እንዳይመጣ ጠይቀዋል። ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ የሚሟሟው ስቴንት ያለበትን ሁሉ ከማስገባታቸው በፊት «ዛሬ ውጠሃል? ዛሬ ውጠሻል?» ብለው ይጠይቃሉ። «አዎ» ብትሏቸው አይበቃቸውም፤ አፍ ያስከፍታሉ። እንዳትቀየሟቸው።

ትናንት የታክሲ ሹፌሩ ሄደው ነበር። ክኒናቸውን እዚያው እትዬ ፊት ዋጡ፤ ሳይጠየቁም አፋቸውን ከፍተው፣ ምላሳቸውን ወደ ላይ አንሥተው አሳዩአቸው። ጋሽ ቱቦ ካረፉ ጀምሮ እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።