ሁለት ተከላካይ ወይስ ሦስት

ለወንድሜ ለመገርሳ፣

አካም ጂርታ? ሰላምታዬ የአንገር ጉቲን ሙቀት ሳያደክመው ይድረስህ። እኛ በነቀምቴ ደኅና ነን። እናታችን ብቻ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በር የመውጣት አመል አምጥታለች።

የማሠለጥነውን የቡርቃ ጃቶ ሰፈር የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ነጠቁኝ። ፍጻሜውን አራት ለሦስት ስለተሸነፍን ኮሚቴው በእኔ ቦታ ጋሽ ባሕሩን ተካ። ለፍጻሜ ማን እንዳደረሳቸው ያነሳ የለም። ጋሽ ባሕሩ ስምንት ሰው ግብ ፊት አቁመው ዜሮ ለዜሮ ሲወጡ እንደ ድል ይቆጥሩታል።

«አንቺ ልጅ፣ ቤትሽን ከፍተሽ ነው ገበያ የምትሄጂው» አሉኝ በሰው ፊት።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ሌባ ፈርተው ገበያ መውጣት ካቆሙ ስንት ዓመት ሆነ?» አልኳቸው። በረኛዋ ድርቤ ሳቋን መያዝ አቃታት።

አሁን የበከኒሳ ቀሴን ሰፈር ቡድን ይዣለሁ፤ ቅዳሜ ከጋሽ ባሕሩ ቡድን ጋር እንጋጠማለን። ሁለቱም የመስመር ተከላካዮቼ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ከኋላ ሰፊ ሜዳ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ሰባት ቢያገቡብኝም ተደብቄ አልጫወትም። ድሮ ኳስ ይዤ ስሄድ ከኋላ የምትሸፍነኝ አንተ ስለነበርክ ዞሬ አይቼ አላውቅም። ሰሞኑን እዞራለሁ።

ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ወደ አንተ አገር የሚመላለሰው ሹፌሩ ኢፋ የቀደሙትን ሁለቱን ለጎረቤትህ እንደሰጠ ነግሮኛል፤ መልስ ግን አልደረሰኝም። ሥራ በዝቶብህ ይሆናል፤ ረጅም መልስ አልጠይቅህም። ከኋላ ሁለት ተከላካይ ላስቀር ወይስ ሦስት? ቁጥሩን ብቻ በራስህ እጅ ጻፍና ለኢፋ ስጠው። ጽሕፈትህን አውቀዋለሁ።

ጌታ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅህ።

እህትህ ኢቢሴ