የአባባ ስልክ ለምን ይግላል

ኤርሞሲዮ ከተማ፣ ሰኔ 12። ዛሬ ጠዋት ሦስት የስልክ ሽፋንና አንድ ቻርጀር ሸጥኩ።

ለወንድሜ ለአንሴልሞ፦ ጀልባው ላይ እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ በርትቷል።

የአባባ ስልክ ሙዚቃ ሲከፍትበት በእጅ እስከማይያዝ ይግላል፤ ቻርጁም እስከ ምሳ አይደርስም። ባትሪውን ቀየርኩለት፤ ያው ነው። ዛሬ ሱቄ ይዞት መጣና አጠገቤ ተቀምጦ የአኮርዲዮን ዘፈኑን ከፈተ። ድምፁ የመጨረሻው ላይ ነበር፤ ሰሞኑን ሁልጊዜ እዚያው ነው። ጭማቂ ሻጯ ቻቤላ ከማዶ ጮኸች፦

«አንቺ ኔሪዳ፣ ማንን ልትድሪ ነው? ቀንሺው እንጂ!»

አባባ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «የሸጥሽልኝ ዕቃ እኮ ያንሾካሽካል» አለኝ።

«ድምፅ ማጉያው አርጅቷል፣ እቀይረዋለሁ» አልኩት። ሁለት ጊዜ ነገርኩት።

ወዲያው ባቡሩ እያፏጨ ከሱቁ ጀርባ አለፈ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ዞር አላለም። ከዚያ ፒክአፕ መኪናውን አስነስቶ፣ ዘፈኑን እንደከፈተ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ ወደ ቤት ሄደ። እስኪሻገር ቆሜ አየሁት።

ቻቤላ ሰላም ብላሃለች። ባሕሩ በደህና ይመልስህ።

እህትህ ኔሪዳ

ነገ አባባ ሳይነሳ ፒክአፑን ጋራዥ አስገባለሁ። ማታ ቤት ስገባ ፍሬኑ ተበላሽቷል ብዬዋለሁ። ፍሬኑ ደህና ነው።