የመሐረቡ ቀለም

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የእትዬስ ጉልበት ተሻላቸው? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እንደ አቅማችን አለን።

ወንድምዎ ሥራ በዝቶበታል። ጋራዡ ውስጥ አዲስ የተቀባ መኪና ሁሉ ለእሱ ነው የሚሰጠው። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ፈትጎ ይወለውለውና እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ያደርገዋል። ብናኙ ግን አብሮት ቤት ይገባል። አፍህን ሸፍን ስለው «ሙሽራ አደረግሽኝ እንዴ?» ይለኛል። ግትርነቱን እርስዎ ያውቁታል። ሲያስል አፉን የሚጠርግበትን ነጭ መሐረብ የማጥበው እኔ ስለሆንኩ፣ የያዘውን መኪና ቀለም ሳልጠይቀው አውቃለሁ፤ አንድ ሰሞን አረንጓዴ ነበር፣ ቀጥሎ ሰማያዊ።

ከሳምንት ወዲህ ቀይ ሆነ። «የሀብታም መኪና ነው፤ ሀብታም ቀይ ይወዳል» ብሎ አሳቀኝ። ትናንት ምሳውን ረስቶ ስለሄደ ጋራዥ ድረስ ወሰድኩለት። ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ይወለውላል። መኪናው ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። ይህን ሳምንት ሌላ መኪና አልነካም አሉኝ ጓደኞቹ። ምሳውን አስቀምጬለት ተመለስኩ።

ጋሼ፣ በሆነ ሰበብ «እፈልግሃለሁ፣ ቶሎ ና» ይበሉትና ሐኪም ያሳዩልኝ። ሰበቡን እርስዎ ይፈልጉለት፤ እኔ መጻፌን ግን ሆድ ይፍጀው።

ዛሬ ጠዋት ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ «ከእንግዲህ ጥቁር መሐረብ ግዢልኝ፤ እጥበቱ ይቀልልሻል» አለኝ። አልገዛም። እስኪጠሩት ድረስ ነጩን አጥባለሁ።

እትዬን ሰላም ይበሉልኝ፤ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።

የወንድምዎ ሚስት