ቅቤ የተቀባችው የፈረንጅ ድመት

ወንጌላዊት፣

ደምበጫ እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ቁልፉ አከራያችን ጋ ነው።

ስትሄጂ «የድመቴን ጸጉር አደራ» አልሽኝ እንጂ እንዴት እንደሚያዝ አልነገርሽኝም። ያ ሁሉ ጸጉር ተቋጥሮ ማበጠሪያ አላስገባ ሲለኝ፣ እንደ ሰው ጸጉር ለጋ ቅቤ ቀባኋት። ቅቤውም ያንቺው ነው፤ ለሽሮዬ አንድ ማንኪያ የነፈግሽኝ።

ከዚያ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ሊልሳት መጣ። አሁን አልጋሽ ላይ ተደራርበው ተኝተዋል። ለካ ጸጉሯ ከገላዋ ሲጣበቅ እሷም እንደነሱ ከሲታ ናት፤ ሁሉም ቅቤ በቅቤ ስለሆኑ መለየት አቃተኝ።

ሌላም የምልሽ ነበር፤ ባጃጁ ክላክስ እያደረገ ነው።

በሩን ቀስ ብለሽ ክፈቺ።
ወተት ይዘሽ ጥሪያቸው፤ ይመጣሉ።
ስትጠሪያት ዞር ብላ እንኳ የማታይሽ ያንቺዋ ናት።

ዘሪቱ