የተነቀለው ራስ ክምር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ንድድ ብሎኛል። ከገበያ ስመለስ አጥሩ ሥር የተከልኩት ተክል፣ ራስ ክምሬ፣ የለም። ከዓለም ከተማ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ያመጣሁት፣ ሁለት ጊዜ ውርጭ አድርቆብኝ በሦስተኛው የጸደቀልኝ፣ ብርቱካንማ አበባውን ገና አሁን መደርደር የጀመረው! ባሌ ነጭ ሽንኩርት ልተክልበት ብሎ ከነሥሩ ነቅሎ ቆራርጦታል።

«የዱር አረም መስሎኝ ነው» ይለኛል።

በእሱ ብቻ ብናደድ ደግ ነበር። አብረውን የሚኖሩት አባቴ፣ አባባ፣ ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ ሲነቅለው አይተዋል። የሚያሳክካቸውን እግራቸውን የማጥበው እኮ በዚያ ቅጠል ነው። መድኃኒቱ ከምን እንደሆነ ከተነገረ ይረክሳል ብለው፣ ለባሌ እንኳን እንዳልናገር ያስማሉኝም እሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ሲነቅለው ምነው ዝም አሉ?» አልኳቸው፣ ባሌ ዞር ሲል።

«ተው ካልኩት ‹ለምን?› ማለቱ አይቀርም። ምን ልበለው?»

ይኸው አሁን እግራቸውን በሁለት እጃቸው ያካሉ። ባሌ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «ለአንድ ራስ ክምር ይህን ያህል መቆጣት ምን የሚሉት ነው?» አለኝ።

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አባባ ማከካቸውን ትተው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«አበባው ደስ ስለሚለኝ ነው» አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ።