የአባዬ ባና

ረቡዕ

አጎቴ፣ የአባዬ ወንድም፣ ዛሬም መጡ። የአባዬ አርባ ከወጣ ሳምንት እንኳ አልሞላም። የሽመና ዕቃውን ሰኞ በአህያ ጭነው ሊወስዱት ነው፤ ለልጃቸው። እማዬ በዕቃው ላይ የቀረውን የበግ ጠጉር ባና አሳየቻቸው። አባዬ ለብርድ ይሁንሽ ብሎ ለእኔ ጀምሮት፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ነው የሞተው። "እሱንም ልጄ ይጨርሰዋል" አሉ። ቀጥለው ያችን የለመዷትን ተረት ጣል አደረጉ፤ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።"

እማዬ እንዝርቷን አሾረች። እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

ማክሰኞ ወደማስተምርበት ወደ ዓለም ከተማ እመለሳለሁ። እማዬ በምን ትኖራለች? የበግ ጠጉር በመፍተል ብቻ? ፈታይ ጣቷ እስኪላጥ ብትፈትል ገንዘቡ ያለው ሸማኔው ጋ ነው።

ሐሙስ

ዘመሮ ከተማ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበር፤ እማዬን አጅቤ ሄድኩ። ከወረዳ የመጣው ጓድ ስለ ሴቶች እኩልነት ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተናገረ። አጨበጨብን። ሲጨርስ ውኃ የጠጣበትን ብርጭቆ ወደ እኛ ዘረጋ፤ አንዷ ብድግ ብላ ተቀብላ አጠበችው። ያቺ አንዷ እኔ ነኝ። እማዬ መንገዱን ሙሉ ስትስቅብኝ መጣች።

ቤቱ ጭር ብሎ ጠበቀን። የሽመናው ድምፅ ናፈቀኝ። ልጅ ሳለሁ የነበረ አንድ ክረምት ትዝ አለኝ። አባዬን ያ ክፉ ሳል ይዞታል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። በሩ ከኋላው ዝግ ነው። ሰው ሲመጣ ጎላ አድርጎ ይስላል፣ ከውስጥ የሽመናው ድምፅ ቀጥ ይላል። "ነገ ና፣ ይደርስልሃል" ብሎ ይሸኘዋል። ሰውየው ሲርቅ ድምፁ ይቀጥላል።

አባዬ ደጅ ከነበረ፣ ውስጥ የሚሸምነው ማን ነበር?

ዓርብ

እማዬን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ያን ክረምትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ሕመሙ በተነሣበት ቁጥር የምትሸምነው እሷ ነበረች። ያስተማራት ራሱ አባዬ ነው።

"ሴት ከሸማኔ ጉድጓድ ገባች ከተባለ ማን ይገዛናል? አባትሽስ በሰው ፊት ምን ይባላል?" አለችኝ።

አጎቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚደርቡት ባናም የእሷ እጅ ነው። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

በአባዬ ልናደድ ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም። ሰው "እጅህ ይባረክ" ሲለው አንገቱን ይደፋ ነበር። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ግን አንድ ቀን እንኳ "የእሷ ነው" ብሎ አያውቅም። እንዲህም ሆኖ ይናፍቀኛል።

ዕቃውን አትስጫቸው አልኳት። እሳቱን ልታዳፍን ተነሣች።

ሰኞ

ጠዋት በሽመናው ድምፅ ነቃሁ። ለአፍታ አባዬ ያለ መሰለኝ። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ እግሯን ከሽመናው ሥር ሰድዳ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

አጎቴ አህያቸውን እየነዱ ደረሱ። ጎረቤቶች ከአጥሩ ማዶ ቆመው ያያሉ። አጎቴ የበሩ ደፍ ላይ ቆመው ቀሩ። "በወንድሜ ቤት እንዲህ ያለ ነውር?" አሉ።

እማዬ መወርወሪያውን አላቆመችም። "ጋሼ፣ የደረቡት ባና የተሠራው እዚሁ ነው። በእኔ እጅ። ያኔ በሩ ዝግ ነበር።"

አጎቴ የባናቸውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ባዶ አህያቸውን አዙረው ሄዱ። ዕቃውን መውሰዴ ቀርቷል አላሉም። ምናልባት ነገ፣ እኔ ስሄድ፣ ሽማግሌ ይዘው ይመጡ ይሆናል።

ወደ ማታ ባናው አለቀ። የአባዬና የእማዬ እጅ የተገናኙበትን ቦታ ፈለግኩ፤ መለየት አቃተኝ። እሷ ግን ገና ከጉድጓዱ አልወጣችም፣ ሌላ ድር ትወጥራለች። የመንዝ ንፋስ ቤቱን ሲሞላው በሩን ልዘጋ ተነሣሁ።

"ተይው" አለች። "ሰው ይየኝ።"

አዲሱን ባና ተከናንቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።