የሃምሳ አለቃ ጥላሁን ጀልባ በቡና ገንዳ ላይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ጀልባዋን ለማውጣት በሩን ከነመቃኑ ነቀሉት። ቤት ውስጥ ሲሠራት የበሩን ስፋት አልለካም።

ሃምሳ አለቃ ጥላሁን ምጽዋ በጥበቃ ጀልባ ላይ ሲያገለግል እግሩ ተሰብሮ የተሰናበተ ሰው ነው። አሁን እዚህ ዲላ ሬዲዮ ይጠግናል። ያገለገለባትን ጀልባ አሳንሶ ሲሠራ ሁለት ዓመት ፈጀ። አሳንሶ ስል ታዲያ፣ አልጋ ላይ ብትጋደም እግሯ ይተርፋል። ዋንዛ ናት፤ ስንጥቋ በእንሰት ቃጫና በሬንጅ ተደፍኗል፤ ሞተሯ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ነው። ከአሥመራ ባመጣት የሬዲዮ ሳጥን፣ ያለ ገመድ፣ ከሩቅ ይነዳታል።

ከተማው «አድሚራል» ይለዋል። ባሕሩንስ መቼ ታመጣዋለህ እያሉ ይጠይቁታል። እኔም ሳቅሁ። ደግ ሳቅ አልነበረም።

ረቡዕ

ነገሩ ቀልድ አይደለም ለካ። የአሪቻ ቡና ማጠቢያ ባለቤት ቀኛዝማች ደምሴ ለጭሰኞቻቸው ልጆች የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነው። ጀልባህ በገንዳዬ ላይ ከሄደች አስተማሪው አንተ ነህ ብለውታል። ሚስቱ አስቴር ጆሮዬ ሥር ነገረችኝ፦ ዘንድሮ ሬዲዮ የሚያስጠግን ጠፍቷል፤ ይህ ሥራ ካልተገኘ ልጆቹን ይዛ ይርጋለም እናቷ ቤት ልትገባ ነው። ልብሳቸውን እንኳ ጠቅልላለች።

ያረፍኩት ወንድም ጋሼ ቤት ነው፤ እሱ የቀኛዝማችን ቡና ይመዝናል። ለምጽፍበት የአዲስ አበባ መጽሔት ጥሩ ፎቶ ፈለግሁና ሐሳብ አቀረብኩ፦ ቀኛዝማች ራሳቸው እየነዱ ይመርቋት። ወንድም ጋሼ ሄዶ ነገራቸው፤ ደስ አላቸው። በብልጠቴ ኮራሁ።

ሐሙስ

የተዘፈዘፈው ቡና ወጥቶ ገንዳው ንጹሕ ውሃ ተሞላ። ለቃሚው ሁሉ ዳር ዳሩን ቆመ።

ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ አንድ ዙር አዞራት። እውነቴን ነው፤ ግራጫዋ ጀልባ መድፏን ቀስራ ውሃውን ስትሰነጥቅ ማንም «አድሚራል» አላለም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን በሁለት እጁ ለቀኛዝማች አቀረበ።

ስትሄድ ደህና ነበረች። ጣጣው ስትመለስ ነው። የሳጥኑን እጀታ ወደ ቀኝ ሲገፉ ወደ ግራ ትላለች። ሃምሳ አለቃ ጠጋ ብሎ፣ ፊቷን ወደ እኛ ስታዞር የእሷ ቀኝ የእኛ ግራ ነው ቢላቸው፣

«አንተ፣ ግራና ቀኜን ልታስተምረኝ ነው?» አሉት።

ሳቁ ገንዳውን ዞረ። ከትልቅ ሰው እጅ ደግሞ ዕቃ አይነጠቅም። እጁን አጣጥፎ ቆመ። ቀኛዝማች ተናደው እጀታውን እስከ ጥግ ገፉት። ጀልባዋ ሲሚንቶውን ገጨች፣ አፍንጫዋ ተሰነጠቀ፣ ከነባትሪዋ ሰመጠች።

አንዱ አጨበጨበ። ሁላችንም ተከተልን። እኔም።

«የአስተማሪ ሥራ እንዲህ አይሰነጠቅም» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ፎቶው ግን አምሮ ሳይወጣ አይቀርም።

ዓርብ

ሃምሳ አለቃ ማልዶ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። ቀኛዝማች መጽሔቱን ያነቡ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያነባሉ አልኩት።

«እንግዲያው ጥፋቱ የጥላሁን ነው ብለሽ ጻፊ፣ እኅቴ። አነዳዳቸው ግሩም ነበር በይ። እንዲያ ከተባለ ይምሩኛል።»

ወንድም ጋሼም ለእሱ እንደሚበጀው ተናገረ። ጻፍኩ። አጣፍጬ ጻፍኩ፤ ማጣፈጥ መቼ ይጠፋኛል። እንጨቱ ሳይደርቅ የቸኮለ መርከበኛ አልኩት። አንባቢዎቼ ይስቃሉ። ፖስታውን ለአዲስ አበባ አውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁት።

ቅዳሜ

ወንድም ጋሼ ቁርሱን እየበላ ነገረኝ። አስተማሪው ከተቀጠረ አሥራ አምስት ቀን አልፎታል፤ የቀኛዝማች የእህት ልጅ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ፈተና ለምን ነበር?

«ጨዋታ ነዋ። በለቀማ ሰሞን ሰዉ ይደክመዋል።»

ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ብለው፣ «ትጽፊዋለሽ ብዬ ፈርቼ» አለ።

ጽሑፉን እንዳያትሙት ለመጽሔቱ ልደውል ስልክ ቤት ሮጥኩ። መስመሩ ተበላሽቷል፤ ሰኞ ሞክሪ አሉኝ።

ስመለስ በእነ አስቴር ደጅ አለፍኩ። ሃምሳ አለቃ አዲስ ሳንቃ ይልጋል። አነዳዳቸው ግሩም ነበር ብለሽ ጻፍሽልኝ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። እግዜር ይስጥልኝ አለ። አስቴር ጠቅልላ የነበረውን የልጆቹን ልብስ ፈትታ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ከአጥሩ ማዶ እጇን አነሳችልኝ።

አልነገርኳቸውም። ሰኞ እደውላለሁ፤ ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ካልገባ።